ሱቅህ የት ነው?

ከእኛ አገር ሰው ወደ ደቡብ የሚሄደው እንጀራ ፍለጋ ነው። ይህን ሆሳዕና ያለ ሕፃን ሳይቀር ያስረዳችኋል። ኬንያን፣ ታንዛኒያን፣ ማላዊን፣ ሞዛምቢክን አቆራርጦ ጆሃንስበርግ የገባ የጎረቤት ልጅ ውሎ አድሮ ሱቅ ይከፍታል፤ ሱቁም ለእናቱ ቤት፣ ለታናሹ ባጃጅ ይወልዳል። ስለዚህ “ወደ ደቡባዊ አፍሪካ ልሄድ ነው” ስል ቤተ ዘመዱ እልል አለ። “በጎ ፈቃደኛ ሆኜ ሒሳብ ላስተምር ነው” ስል እልልታው መሀል ላይ ተቋረጠ።

“በነፃ?” አለች አክስቴ።

“የኪስ ገንዘብ ይሰጡኛል፣ እትዬ።”

“የእድር ድንኳን እንትከል ሲሉህ ወገቤን የምትል ልጅ፣ በነፃ ልትሠራ አውሮፕላን ትሳፈራለህ?”

ለዚህ ጥያቄ መልስ ያለው ፈቃደኛ እስካሁን አላጋጠመኝም። አጎቴ ደግሞ ነገሩን ከታሪክ አንጻር አዩት። እሳቸው የፒስ ኮር ተማሪ ነበሩ። የአሜሪካ የሰላም ጓዶች በ1962 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ ከገቡ ወዲህ በየጠቅላይ ግዛቱ ሒሳብና እንግሊዝኛ አስተምረዋል፤ የአጎቴ ትውልድም ጠዋት ከእነሱ እየተማረ ከሰዓት በኋላ “ያንኪ ወደ አገርህ ሂድ” እያለ ይሰለፍ ነበር። “ልጄ፣ ፒስ ኮር የሚሆነው ፈረንጅ ነው” አሉኝ። “ፈረንጅ ደግሞ የሚመጣው አገሩ ሁሉ ነገር ሞልቶለት ነው። አንተ ምኑ ሞልቶልህ ነው?”

የተመደብኩት ሌሶቶ ነው። ካርታ ላይ ስትፈልጓት መጀመሪያ ደቡብ አፍሪካን አግኙና ሆዷን እዩ፤ መሀል ላይ ለብቻዋ የተከበበችው እሷ ናት። በየትኛውም በር ብትወጡ የምትገቡት ደቡብ አፍሪካ ነው። ሕዝቧ ከ2 ሚሊዮን ብዙም አይዘልም። ከ1,000 ሜትር በታች አንዲት ክንድ መሬት የሌላት የዓለም ብቸኛ አገር ናት፤ ቆላ ቢሏት ቆላዋ 1,400 ሜትር ላይ ነው። ከፍተኛው ተራራዋ ታባና ንትሌኛና 3,482 ሜትር ይደርሳል። ይህን አንብቤ “እንግዲያው ደገኛ ለደገኛ አንተጣጣም” አልኩ።

በዚያ አካባቢ ሁለት ዓይነት የውጭ ሰው ይታወቃል። አንደኛው ሊሰጥ የሚመጣ ነው። እሱ ነጭ ነው፤ ሰፊ ባርኔጣና የውሃ ኮዳ አለው፣ ፎቶ ማንሳት ይወዳል። ሁለተኛው ሊሸጥ የሚመጣ ነው። እሱ ቻይናዊ፣ ፓኪስታናዊ፣ ሶማሌ ወይም ሐበሻ ነው፤ የቁልፍ ዘለላና ካልኩሌተር አለው፣ ፎቶ መነሳት አይወድም። እኔ በወረቀት አንደኛው፣ በመልክ ሁለተኛው ነበርኩ።

ለሰዎቹ ግምት መሠረት አለው። ሐበሻ ደቡብ አፍሪካ ሲገባ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው “ሎኬሽን” በመሥራት ነው። ሎኬሽን የሚባሉት ጥቁሮች በዘር መድልዎ ዘመን ከከተማ ተገፍተው የሰፈሩባቸው መንደሮች ናቸው። ልጁ ብርድ ልብስና አልጋ ልብስ ተሸክሞ በየበሩ ያንኳኳል፣ በዱቤ ይሰጣል፣ ወር ሲደርስ ሊሰበስብ ይመለሳል። ስለዚህ አንድ የድንበር ሹም ሻንጣዬን አስከፍቶ የሒሳብ መጻሕፍቱን አንድ በአንድ ካገላበጠ በኋላ “ዕቃው በኋላ ነው የሚመጣው?” ብሎ ሲጠይቀኝ አልተቀየምኩትም። ከፊቴ የነበረችው ጀርመናዊት ፈቃደኛ “ፈቃደኛ ነኝ” ስትል “እንኳን ደህና መጣሽ” ተብላ አልፋለች። እኔ “ፈቃደኛ ነኝ” ስል ግን “የምን?” ተባልኩ።

መንደር ከገባሁ በኋላም ጥያቄው ተከተለኝ። “ሱቅህ የት ነው?” ይሉኛል፤ በክፋት አይደለም፣ ሰው ሲመጣ ሥራውን መጠየቅ ወግ ስለሆነ ነው። አንዲት እናት ሱቁ እስኪከፈት በትዕግሥት ሲጠብቁ ቆይተው “ዱቤ ትሰጣለህ አይደል?” ሲሉ አስቀድመው አረጋገጡ። ሕፃናቱ ደግሞ ነጭ ፈቃደኛ ሲያዩ “ዲፖምፖንግ! ዲፖምፖንግ!” እያሉ ከረሜላ ይለምናሉ፤ እኔን ሲያዩ ዋጋ ይጠይቃሉ።

ከዚህ ደንብ ውጪ የተቀበለኝ በዋና ከተማዋ በማሴሩ ገበያ ውስጥ ያገኘሁት ራስታ ነው። ከኢትዮጵያ መሆኔን ሲሰማ የያዝኩትን የሽንኩርት ከረጢት ከእጄ ተቀብሎ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ቆመ። “የንጉሡን ቤት አይተኸዋል?” አለኝ። ስድስት ኪሎ የተማረ ሰው ይህን አይጠየቅም። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት የነበረው ዛሬ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ሙዚየም ነው፤ መኝታ ቤታቸውና መታጠቢያ ቤታቸው ለጎብኚ ክፍት ነው። “መታጠቢያ ገንዳቸውን እንኳ አይቻለሁ” አልኩት። ሽንኩርቱን እስከ መናኸሪያ ተሸከመልኝ። በሌሶቶ ቆይታዬ ሱቅ ያልጠየቀኝ ሰው እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

መናኸሪያን ካነሳን ስለ ታክሲው ላውጋችሁ። ማሴሩ ውስጥ “ፎር ፕላስ ዋን” የሚባል ትንሽ መኪና አለ፤ አራት ተሳፋሪና አንድ ሹፌር ማለት ነው፤ ሕጉ ስሙ ላይ ስለተጻፈ አልፎ አልፎ ይከበራል። ወደ ተራራው የሚወጣው ግን ሚኒባሱ ነው። “ስንት ሰዓት ይነሳል?” ስትሉ “ሲሞላ” ይባላል። ችግሩ መሙላት የሚባለው ነገር ላይ ሹፌርና ተሳፋሪ አለመስማማታቸው ነው። ወንበሩ ሲያልቅ ሞላ የሚለው ተሳፋሪ ነው፤ ሹፌሩ ገና የበቆሎ ዱቄት ጆንያ፣ ፍራሽ፣ ሁለት ዶሮና የጎማ ጋሪ ይጠብቃል። እስከዚያ ፋሞ ይለቀቃል። ፋሞ በአኮርዲዮን የሚዘፈን የእረኞችና የማዕድን ሠራተኞች ዘፈን ነው፤ አንዱ ዘፈን ከሌላው የሚለየው ሹፌሩ ድምፅ ሲጨምር ነው።

አንድ ነገር ግን ልመስክር። እያንዳንዱ ሰው ሲገባ “ዱሜላንግ” ብሎ ታክሲውን ሙሉ ሰላም ይላል፤ ታክሲውም ሙሉ ይመልሳል። ከመገናኛ ሜክሲኮ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀን እየሄድን መተያየት የምንፈራ ሰዎች ይህን ስናይ መጀመሪያ የሚሰማን ጥርጣሬ ነው። ሰላምታው ላይ “ንታቴ” ወይም “ምሜ” ይታከልበታል፤ ወንዱ ሁሉ አባት፣ ሴቷ ሁሉ እናት ናት። ለእኔ ታቦ የሚል ስም ስላወጡልኝ ንታቴ ታቦ ሆንኩ። አክስቴ ይህን ሰምታ “ምቤኪ የሚባሉት መሪ ስም አይደለም እንዴ? ሹመቱስ መቼ ነው?” አለች።

ከማሴሩ ወደ ታባ ጼካ የሚወስደው መንገድ ሦስት ተራራ ይቆርጣል። ከመተላለፊያዎቹ አንዱ ሞዲሞ ንቱሴ ይባላል፤ “አምላክ ሆይ እርዳኝ” እንደ ማለት ነው። ተሳፋሪው ስሙን በሙሉ ልብ ያምንበታል። ሹፌሩ ግን ለምዶታል፤ በአንድ እጁ መሪ፣ በሌላው ማክዌኛ የሚባለውን የተጠበሰ ሊጥ ይዞ ቁልቁለቱን ይወርደዋል። የእኛ ሊማሊሞ እንኳ ተጓዡን ላለማስፈራት ስሙ ዘፈን ይመስላል።

ከተራራው ወዲያ ውሃ ይታያል። ሌሶቶና ደቡብ አፍሪካ በ1986 እ.ኤ.አ. ውል ተፈራርመው ግድቦች ሠርተዋል፤ ትልቁ ካጼ 185 ሜትር ቁመት አለው። ውሃው በተራራ ሆድ በተቆፈረ ዋሻ አልፎ የጆሃንስበርግን አካባቢ ያጠጣል፤ ሌሶቶም ዋጋውን ትቀበላለች። ከውሃው በፊት የሚሄደው ሰው ነበር። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ከ100 ሺህ በላይ የሌሶቶ ወንዶች በደቡብ አፍሪካ ማዕድን ጉድጓዶች ይሠሩ ነበር። አጠገቤ የተቀመጡ ሽማግሌ፣ ምን ልሠራ እንደመጣሁ ካጣሩ በኋላ፣ ይህን ሁሉ በአጭሩ አስረዱኝ፦ “ውሃችን ይሄዳል። ወንዶቻችን ይሄዳሉ። ሱፋችን ይሄዳል። የሚመጣልን ፈቃደኛ ነው።” ታክሲው በሙሉ ሳቀ፤ ሹፌሩም ማክዌኛውን አስቀምጦ ሳቀ።

ምግቡ ፓፓ ነው፤ ከነጭ የበቆሎ ዱቄት የሚሠራ፣ ቅቤ ያልጎበኘው፣ በርበሬ ያላየው ገንፎ። ከጎኑ ሞሮሆ ይቀርባል፤ ደቅቆ የተቀቀለ ቅጠላ ቅጠል ነው። ሰው ይጠግባል፤ ነገር ግን ሐበሻ ከጠገበ በኋላም ይርበዋል። አንድ ቀን ድንበሩን ተሻግሬ በፍሪ ስቴት ሜዳ ስጓዝ ድርቆሽ የጫነ መኪና አለፈን። “ምንድን ነው?” ብል “ቴፍ” አሉኝ። ጆሮዬን ተጠራጠርኩ። ነገሩ እውነት ነው፦ ደቡብ አፍሪካ ጤፍ መዝራት ከጀመረች ከ100 ዓመት በላይ ሆኗታል፤ የምትዘራው ግን ለፈረስና ለከብት ነው። ፍሬው ሳይጎመራ ይታጨዳል፣ በማሽን ይታሰራል፣ ለጋጣ ይሸጣል። እኔ በቆሎ እየበላሁ ፈረሱ ጤፍ ይበላል። ይህን ለእናቴ በስልክ ስነግራት ጥቂት ዝም አለችና “ታዲያ ፈረሱን ቀርበህ አትለምነውም?” አለችኝ።

ከእናቴ ጋር ስልክ መገናኘትም ራሱን የቻለ ሒሳብ ነው። “ማታ ሁለት ሰዓት ደውል” ትለኛለች። የእሷ ሁለት ሰዓት በሌላው ዓለም አቆጣጠር ስምንት ነው፤ ሌሶቶ ደግሞ ከአዲስ አበባ አንድ ሰዓት ወደኋላ ስለሆነች ሰባት ይሆናል። ሒሳብ አስተማሪ መሆኔ በግልጽ የጠቀመኝ እዚህ ላይ ነው።

እንጀራ ሲያምረኝ መድኃኒቱ ጆሃንስበርግ ጄፒ ነው። ጄፒ ጎዳና ላይ ያሉት ሕንፃዎች ከምድር ቤት እስከ ላይ በሐበሻ ሱቅ የተሞሉ ናቸው፤ ቡናው ይቆላል፣ ዕጣኑ ይጨሳል፣ ጅምላ ነጋዴው በሦስት ቋንቋ ይከራከራል። ሽሮዬን ፊቴ አድርጌ ስቀመጥ አጠገቤ ያሉት ወንድሞች በአገር ልጅ ፍቅር ጠጋ አሉና “ሱቅህ የት ነው?” አሉኝ።

“ሱቅ የለኝም። ሌሶቶ በፈቃደኝነት አስተምራለሁ።”

“ስንት ይከፍሉሃል?”

“የኪስ ገንዘብ።”

ተያዩ። አንደኛው የምሳዬን ሂሳብ ከፈለ። ሁለተኛው ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ “አይዞህ፣ ሁላችንም እንዲህ ነው የጀመርነው። ሎኬሽን ውጣ፤ ብርድ ልብሱን እኔ በዱቤ አስይዝሃለሁ” አለኝ። ከዚያ ወዲህ እርዳታ ሰጪ ማነው፣ ተረጂ ማነው የሚለውን ክርክር ለሌሎች ትቻለሁ።

ስለ ብርዱ ደግሞ ያልነገሩኝ ነገር አለ። ሐምሌ እኛም ዘንድ ክረምት ነው፣ እነሱም ዘንድ ክረምት ነው፤ ግን የእኛው ያዘንባል፣ የእነሱ አመዳይና በረዶ ይጥላል። ባልዲ ውስጥ ያደረ ውሃ ጠዋት በድንጋይ ይሰበራል። ክፍሉ ማሞቂያ ስለሌለው አስተማሪውም ተማሪውም ሰሌዳውን ተሸክሞ ፀሐይ ወዳለበት ይወጣል፤ ፀሐይዋ ስትዞር ትምህርቱም አብሮ ይዞራል። እኔ ጋቢዬን ለብሼ በኩራት ወጣሁ። ያከራዩኝ ምሜ ጠርዙን በሁለት ጣት ይዘው ፈተሹና “ይህ የበጋ ነው” አሉ። ከሣጥናቸውም ኮቦ አውጥተው አለበሱኝ። ኮቦ ወፍራም የሱፍ ብርድ ልብስ ነው፤ አገሪቱን በመሠረቷት በንጉሥ ሞሽዌሽዌ ቀዳማዊ ዘመን ገብቶ፣ የቆዳውን ካባ ተክቶ፣ ዛሬ የክብር ልብስ ሆኗል። ሌሶቶ ውስጥ ብርድ ልብስ ተከናንቦ በፈረስ የሚሄድ ሰው ስታዩ ለጎብኚ የተዘጋጀ ትርዒት እንዳይመስላችሁ፤ ወፍጮ ቤት ወይም ክሊኒክ እየሄደ ነው። እኔም ኮቦዬን ደርቤ መንገድ ስወጣ ጥያቄው ተለወጠልኝ። “ይሄኛው ስንት ነው?” ይሉኝ ጀመር።

ቀን ቀን ሁለተኛ ደረጃ አስተምራለሁ፤ ማታ ማታ እረኞችን። ሌሶቶ ከብዙ የአፍሪካ አገሮች በተቃራኒ ከወንዶቿ ይልቅ ሴቶቿ ፊደል የቆጠሩባት አገር ናት፤ ወንዱ ልጅ በግና ፍየል ተከትሎ ተራራ ላይ ያድጋልና። የማታው ክፍል ሻማ፣ ብርድ ልብስ፣ የእረኛ ዱላና ደጅ የሚጠብቅ ውሻ ነው። የመጀመሪያዋን ጥያቄ ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ፦ አንድ ሰው 80 በጎች ነበሩት፤ 15ቱን ሸጠ፤ ስንት ቀሩት?

“ንታቴ ታቦ” አለ አንዱ፣ “ሰውየው የሸጠው ሱፉ ከተሸለተ በኋላ ነው ወይስ በፊት?”

“ለጥያቄው አያስፈልግም።”

“ለሰውየው ያስፈልገዋል። ሳይሸልት ከሸጠ ሞኝ ነው።”

ሌላው ጣልቃ ገባ። “ከ15ቱ ውስጥ ያረገዙ ነበሩ?”

“አናውቅም።”

“ታዲያ ስንት እንደቀሩት በምን እናውቃለን? የቀሩት ይወልዳሉ።” እነዚህ ልጆች በግ ቆጥረው አያውቁም፤ መንጋው ሲገባ የጎደለችውን በመልኳ ይለያሉ። እኔ 65 የሚለውን መልስ ይዤ ብቻዬን ቀረሁ። ውሎ አድሮ ግን የሱፍ ገዢው ሚዛን ላይ የሚጻፈውን ቁጥር ማንበብ ሲችሉ ሒሳብ ጣማቸው፤ ከዚያ በኋላ ሻማው አልቆም አይወጡም ነበር።

የሰላም ጓዶቹ ሌሶቶ የገቡት በ1967 እ.ኤ.አ. ነው፤ አገሪቱ ነፃነቷን ባገኘች በዓመቱ። ስለዚህ መንደሩ በፈቃደኛ ጉዳይ የካበተ ልምድ አለው። ሽማግሌዎቹ ዘመን የሚቆጥሩት በፈቃደኛ ነው፦ “ያ ከፈረስ የወደቀው ልጅ ጊዜ”፣ “ያቺ ፍየሉ ሲታረድ ያለቀሰችው ጊዜ።” በፕሮጀክቱ የሚታወስ የለም። ቧንቧ ያስገባላቸው ሰውዬ ስሙ “ያ ፓፓ የማይበላው” ነው። እኔ ምን ተብዬ እንደምጠራ ባላውቅም ጥርጣሬ አለኝ፤ “ያ ሱቅ ሳይከፍት የሄደው” ሳይሉኝ አይቀሩም።

የላከኝ ድርጅት በበኩሉ ሪፖርት ይፈልጋል። ቅጹ ላይ “የተጠቃሚዎች ብዛት” የሚል ሳጥን አለ፤ “አቅማቸው የተገነባ” የሚልም አለ። ይህን ቅጽ እንዴት እንደምንሞላ ለማሠልጠን ዋና ከተማ ሆቴል ውስጥ ዎርክሾፕ ይጠሩናል። በዎርክሾፕ መጀመሪያ አቅሙ የሚገነባው በሻይ ሰዓት ብስኩቱ አጠገብ የቆመው ነው።

በዚህ መሀል የማሽላ አጨዳ ደረሰና ሌጼማ ተጠራ። ሌጼማ የእኛ ደቦ ነው፤ ሌላው ጂጌ የሚለው። ባሏ የሞተባት አንዲት ሴት ማሳ ላይ መንደሩ ጎህ ሳይቀድ ተሰበሰበ። ሴቶቹ እየዘፈኑ፣ ማጭዱ በዜማው ልክ እየወረደ፣ እስከ ቀትር ማሳው ተጋመሰ። ባለቤቲቱ የማሽላ ጠላቸውን ጅዋላውን ጠምቃለች፤ በሌላ ቀን ለሽያጭ ቢሆን ነጭ ባንዲራ ትሰቅል ነበር፣ የእኛዋ ጠላ ሻጭ እንጨት ላይ ጣሳ እንደምትደፋው። እኔን የሒሳብ አስተማሪ ነው ብለው ጆንያ ቆጣሪ አደረጉኝ። በጥንቃቄ ቆጠርኩ፤ ቁጥሩን ግን ማንም አልጠየቀኝም። የሴትዮዋ ማሽላ ጎተራ መግባቱን ሁሉም አይቷል፤ ከዚያ ወዲያ ምን ቁጥር ያስፈልጋል? ካናቴራ የታተመለት፣ የምስክር ወረቀት የጠበቀ፣ ፎቶ ያነሳ አልነበረም። ቅዳሜ ደግሞ ቀብር አለ፤ ማኅበራቸው የሬሳ ሣጥኑንና ወጪውን ይሸፍናል፣ ጎረቤት ይቆፍራል፣ ሴቶቹ ለለቀስተኛው ያበስላሉ። እድር ያደገበት ሰው ይህን ለመረዳት ሥልጠና አያሻውም።

ይህን ስል ከውጭ የሚመጣ ፈቃደኛ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። አስተማሪ ያልነበረው ክፍል አስተማሪ አግኝቷል፤ እረኞቹም የሱፍ ሚዛን ማንበብ ጀምረዋል፤ ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን ፈቃደኝነትን በአውሮፕላን የምናደርስላቸው ዕቃ አድርገን ማሰብ ሐሰት ነው። ዕቃው ድሮም እዚያው በሽ ነው። እኛ የምናመጣው የጎደለውን አንድ እጅ ነው፤ እሱም ቢሆን ውሎ ካደረ በኋላ የሚለምድ እጅ።

ስለዚህ ለመሄድ ያሰባችሁ ካላችሁ ሂዱ፤ አገሩ ውብ፣ ሰዉ ትሁት ነው። “ምን ልርዳችሁ?” ብላችሁ ስብሰባ ከመጥራታችሁ በፊት የሚሰጧችሁን ማጭድ ተቀበሉ። ወደ አጨዳ ስትጠሩ ወገቤን አትበሉ። የሐምሌን ብርድ በጋቢ አትዳፈሩት። ከመመለሳችሁ በፊት ደግሞ ኪሳችሁን ፈትሹ፦ አንድ የሌሶቶ ሎቲ በሕግ ከአንድ የደቡብ አፍሪካ ራንድ እኩል ነው፣ ሌሶቶም ሁለቱንም እኩል ትቀበላለች፤ ድንበሩን ከተሻገራችሁ በኋላ ግን በሎቲ ሻይ እንኳ የሚሸጥላችሁ ማግኘት ይቸግራል። እዚያው ጨርሱት።